የሁለት ዶላር ጨዋታ

አማርኛችን በዋጋ ነገር ላይ ምሕረት የለውም። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀውን ዕቃ «ውድ» እንለዋለን፤ የምንሳሳለትን ሰውም «ውድ» እንለዋለን። ጤፍ ሲጨምር «ተወደደ» ነው፤ ሰው ልብ ውስጥ ሲገባም «ተወደደ» ነው። በአንጻሩ ትንሽ ገንዘብ የሚያወጣው ዕቃ «ርካሽ» ይባላል፤ ክብሩን የጣለ ሰውም እንዲሁ «ርካሽ» ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ይህንን ነገር አንሥቼ «ቋንቋችን ነጋዴ ነው ወይስ አፍቃሪ?» ብዬ ተማሪዎቼን እጠይቅ ነበር። አንዷ ታዲያ «ሒሳብ የሚያውቅ አፍቃሪ ነው» ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ጥያቄው ግን የምር ነው። የአንድ ነገር ዋጋ ሲቀንስ በነገሩ ላይ ያለብን ግዴታም አብሮ ይቀንሳል ወይ? ሰሞኑን ይህ ጥያቄ ባላሰብኩት በር ገባ። በጌም በር። አዎ፣ በኮምፒውተር ጌም! «ይኸ ሰውዬ ዕድሜው ሲገፋ ወደ ልጅነቱ ተመለሰ እንዴ?» የሚል አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለሞባይል ስልክ የተሠሩ ጨዋታዎች ጥቂት ቆይተው ለኮምፒውተር እንዲስማሙ ተደርገው ይሸጣሉ። ወጣቶቹ ይህንን «ፖርት» ይሉታል። (እኔ በዕድሜዬ «ፖርት» ሲባል አሰብና ምጽዋ የሚመጡብኝ ሰው ነኝ። ግን ጭነትን ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ማሻገር እስከሆነ ድረስ ቃሉ አይከፋም።) ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ሁለት ዶላር፣ ሦስት ዶላር፣ ቢበዛ ሰባት ስምንት። ታላላቆቹ የኮምፒውተር ጌሞች ስልሳና ሰባ ዶላር በሚጠሩበት ገበያ ይህ ሽርፍራፊ ነው። የገበያው ትልቁ ሱቅ ስቲም ይባላል፤ ቫልቭ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሱቅ ነው። እናም የወጣቶቹ ክርክር፦ ለስልክ የተሠራን ነገር፣ ያውም ስልክ ላይ በነጻ ወይም በሳንቲም የሚገኝን ነገር፣ ኮምፒውተር ላይ ገንዘብ ከፍሎ መግዛት ያዋጣል ወይ?

ክርክሩን ቤቴ ድረስ ያመጣው የእኅቴ ልጅ ነው። ኢንጂነሪንግ ይማራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፑን ተሸክሞ እኛ ቤት ይመጣል፤ «ልጠይቃችሁ ብዬ ነው» ይላል እንጂ የሚመጣው ለዋይፋዩ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የስቲም ቦርሳው ውስጥ ቨርጂኒያ ያለችው ታላቅ እኅቱ ያስገባችለት ሃያ ዶላር አለ። ይህችን ሃያ ዶላር እንደ ዘር እህል ነው የሚጠብቃት። የስልክ ጌሞቹን ግን ሲገዛ አያመነታም። ለምን ብዬ ብጠይቀው፦

«ጋሼ፣ ሁለት ዶላር እኮ ነው! ቢያስጠላኝስ ምን አጣለሁ?»

እኔን የያዘችኝ «እኮ» ነች። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው በሽታው ይኸው ነው፤ ሌላው ሰው ሁለት ዶላሩን ሲሰማ እሱ «እኮ»ን ይሰማል። ይህች ቃል ሥራዋ አንድ ነው። ጥያቄ ሊነሣ ሲል ቀድማ ትደርስና በሩን ትዘጋለች። «ርካሽ እኮ ነው» ካልን በኋላ ዕቃውን መመርመር ቀረ፤ ሠሪው ምን ያህል ለፋበት ማለት ቀረ፤ እኛስ ምን ዓይነት ገዢዎች ነን ማለትም ቀረ።

በነገራችን ላይ ለእኛ አገር ሰው ሁለት ዶላር እንኳ «እኮ» አይደለም። ስቲም ዋጋውን በብር አይጽፍም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ሃምሳ ሰባት ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ አለፈ። የአምስት ዶላር ጌም ዛሬ ከአምስት መቶ ብር በላይ ነው ማለት ነው፤ ከአንድ ደህና የአማርኛ መጽሐፍ ዋጋ ጋር ትከሻ ለትከሻ። ስለዚህ «ርካሽ» የሚለው ቃል የማን ቋንቋ እንደሆነም መጠየቅ ደግ ነው። ግን ይህንን ልተወው፤ ዛሬ ስለ ምንዛሪ ልጽፍ አልተነሣሁም።

አንድን ሥራ ከተወለደበት ቤት ወደ ሌላ ቤት ማሻገር ክብር ያለው ሙያ ነው። እኛም እናውቀዋለን። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ያነበቡ ሰዎች ሳይቀሩ ሬዲዮ ሥር ተኮልኩለው ሰሙ። ታሪኩን ያውቁታል፤ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ መጨረሻ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ግን መጡ። ለምን? ወጋየሁ ወረቀቱን ለማይክሮፎን ስላነበበ ብቻ አልነበረም። ዐይን በገጽ ላይ ቆም እያለ የሚያደርገውን ነገር ጆሮ ሊያደርገው አይችልም፤ ያንን የጎደለ ነገር በትንፋሽ፣ በዝምታ፣ በድምፅ መወፈርና መቅጠን ተካው። ጉዱ ካሣ ሲናገር ጉዱ ካሣን ነበር የምንሰማው። እሱ ያሻገረው ሥራ በደረሰበት ቤት እንግዳ አልሆነም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ክሮኖ ትሪገር የሚባል የጃፓን ጨዋታ አለ፤ በ1995 ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ለሚሠራ የጨዋታ መሣሪያ የወጣ፣ በዘርፉ እንደ ክላሲክ የሚቆጠር። ከዓመታት በኋላ ለስልክ ተዘጋጀ። በ2018 መጀመሪያ ላይ ባለቤቱ ስኩዌር ኤኒክስ ድንገት ለኮምፒውተር አቀረበው። ሰው ደስ ብሎት ከፈተው። ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? የስልኩን ቅጂ! ለአውራ ጣት ተብለው የተሠሩ ቁልፎች ሰፊው ስክሪን ላይ ተዘርግተዋል፤ ጥርት ያሉት የጥንት ሥዕሎች ተድበስብሰዋል። ዋጋው ደግሞ አሥራ አምስት ዶላር ገደማ፤ ከጎረቤቶቹ የስልክ ጨዋታዎች ጋር ሲተያይ ርካሽም አልነበረም። ሰው አመረረ፤ ኩባንያውም ለወራት በተከታታይ እያረመ ወደ መልኩ መለሰው። የእኅቴ ልጅ «ታርሟል እኮ፣ አሁን አሪፍ ነው» ይላል። ልክ ነው፤ ታርሟል። ግን የታረመው የሚቆጣ ሕዝብ ስለነበረው ነው። ስሙ ያልታወቀ የሁለት ዶላር ጨዋታ እንደዚያ ሆኖ ቢመጣ ማን ይጮኽለታል? «ሁለት ዶላር እኮ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ርካሽ ዋጋ ለሻጩ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ይህ ነው፤ የማይጮኽ ገዢ።

ይሁን፤ ይህ የእጅ ሥራ ጉድለት ነው። የቁልፍ ትልቅነትና የሥዕል ድብስብስነት ይስተካከላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንዳንዱ የስልክ ጨዋታ ሲጠነሰስ ጀምሮ የታሰበው ለመጫወት አይደለም። ካንዲ ክራሽን የማያውቅ አለ? ታክሲ ውስጥ፣ ባንክ ሰልፍ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ሳይቀር (አይቻለሁ!) ከረሜላ የሚደረድር ሰው አለ። ጨዋታው አምስት ሕይወት ይሰጥሃል። አምስቱን ከጨረስክ አንዷ ተመልሳ እስክትመጣ ሠላሳ ደቂቃ ትጠብቃለህ፤ ወይም ትከፍላለህ። ሠላሳ ደቂቃዋ ከሰማይ አልወረደችም፤ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦ ነው ያስቀመጣት። መንገድ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጉድጓዱ ላይ ድልድይ ሠርቶ፣ ድልድዩ ላይ ቀረጥ የሚሰበስብ ሰው ብታዩ ምን ትሉታላችሁ?

እንግዲህ እንዲህ ያለው ጨዋታ ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር ከሁለት አንዱ ይሆናል። አንዳንዱ ከነጉድጓዱ ይመጣል። ካንዲ ክራሽ ራሱ በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ሳትጠራው ከኮምፒውተሩ ጋር ተጭኖ እንዲመጣ ተደርጎ ነበር፤ እንግዳ ሆኖ ሳይሆን ባለቤት ሆኖ። ሌላው ደግሞ ጨዋነት ያደርግና ጉድጓዱን ደፍኖ፣ ማስታወቂያውን አውጥቶ፣ በሁለት ዶላር ይሸጣል። ይህ የተሻለ ነው፤ በጣም የተሻለ ነው። ነገር ግን ስትገዛው ግራ የሚያጋባ ነገር ያጋጥምሃል። ሜዳ ላይ የቆመ ድልድይ ታያለህ። ጉድጓዱ የለም፤ ድልድዩ ግን አለ። ሳንቲም ትሰበስባለህ፤ ሳንቲሙ የሚገዛው ነገር የለም። በየቀኑ ብትመለስ ሽልማት ይሰጥሃል፤ ለምን በየቀኑ እንደምትመለስ ግን ጨዋታውም ረስቶታል። እንዲህ ዓይነቱ በሁለት ዶላርም፣ በሁለት ሳንቲምም አያዋጣም ባይ ነኝ። ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ የምትከፍለው ሌላ ነገር የለም ማለት አይደለም፤ ቅዳሜህን ትከፍላለህ።

የአንግሪ በርድስን ታሪክ ደግሞ እዩልኝ፤ ከዚህ ሁሉ የሚገርመው እሱ ነው። ሮቪዮ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ሃምሳ አንድ ጨዋታ ከሠራ በኋላ ሃምሳ ሁለተኛው ነው የሠመረለት። በ2009 መጨረሻ ለአይፎን ወጣ፤ ዋጋው ዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም። በ2011 ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ፤ እዚያ ዋጋው ከስልኩ ይበልጥ ነበር፤ ሰውም ገዛው። ወፏን በወንጭፍ ትወረውራለህ፣ አሳማው ላይ ግንቡ ይናዳል፣ አለቀ። ሌላ የሚጠይቅህ ነገር የለም። እያደር ግን ኩባንያው ወደ «ነጻ» ጨዋታዎች ዞረ፤ ነጻ ሆነው በውስጣቸው ሱቅ ወደ ተከፈተባቸው። በ2019 የድሮዎቹ ከሱቅ ተነሡ። ናፋቂው በዛ። በ2022 የመጀመሪያውን ጨዋታ እንደገና ሠርተው በዚያችው በዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም መለሱት፤ ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ውስጥ ሱቅ። ሕዝቡም ተቀበለው። በቀጣዩ ዓመት፣ በየካቲት 2023፣ ኩባንያው ምን አለ? ይህ ጨዋታ በሌሎቹ ጨዋታዎቻችን ላይ በሚያሳድረው ተጽዕኖ የተነሣ ከአንድሮይድ ሱቅ እናነሣዋለን፣ በአፕል ሱቅ ደግሞ ስሙን እንቀይረዋለን! አደረጉትም። «ሬድስ ፈርስት ፍላይት» ተባለ፤ «አንግሪ በርድስ» ብሎ የሚፈልግ ሰው በቀላሉ እንዳይደርስበት ያህል።

እኔ ይህንን ዜና እንደ ልብ ወለድ ነው ያነበብኩት። አንድ ዶላር የማይሞላ፣ ሐቀኛ፣ ያለቀለት ዕቃ ለነጻዎቹ ወንድሞቹ አደጋ ሆነ። እንዴት ሊሆን ቻለ? የኔ ግምት ይኸው ነው፦ ዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም የከፈለ ሰው ሒሳቡን ዘግቷል። ኩባንያው ከእሱ ምንም አይጠብቅም፤ እሱም ለኩባንያው ምንም የለበትም። በነጻ የገባው ሰው ግን ሒሳቡ ክፍት ነው፤ ዛሬ ባይከፍል ነገ፣ በገንዘብ ባይከፍል ማስታወቂያ በማየት። የቀበሌያችን ሱቅ ባለቤት ስለ ዱቤ የሚያውቀውን ነው ፊንላንዶቹ የደረሱበት። እጅ በእጅ የከፈለ ደንበኛ ሲፈልግ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ዱቤ ያለበት ግን በሩቅ ሲያይህ ሰላምታው ራሱ ይለወጣል።

ስለዚህ የጥያቄው አንዱ መልስ ለእኔ እዚህ ነው ያለው። ሁለት ዶላር ከፍለህ ሒሳቡ የሚዘጋ ከሆነ፣ ጨዋታውም ጉድጓድ አልባ ሆኖ የተፈጠረ ከሆነ፣ በደንብ ያዋጣል። (ሙሉ በሙሉ ይዘጋል ወይ የሚለውን ጠበቆች ይንገሩን። ካሊፎርኒያ በ2024 ባወጣችው ሕግ የተነሣ ስቲም በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ገዢው የሚያገኘው ጨዋታውን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን ክፍያው ቦታ ላይ መጻፍ ጀመረ። የእኅቴ ልጅ ይህንን ሳነብለት ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ ግን መደርደሪያዬን ዘወር ብዬ አየሁት።)

እስካሁን ሻጩን ስወቅስ ቆየሁ፤ ገዢውም ግን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ሞኑመንት ቫሊ የሚባል ጨዋታ አለ። በ2014 ለንደን ያለ አስትዋ የተባለ ድርጅት ለስልክ የሠራው ነው። አይዳ የምትባል ትንሽ ልዕልት ሊኖሩ በማይችሉ ሕንጻዎች ላይ ትሄዳለች፤ ደረጃው ወደ ላይ ሲወጣ ታች ይደርሳል፤ ሁለት የተራራቁ ግንቦች በጣትህ አሽከርክረህ ከሌላ አቅጣጫ ስታያቸው ይገናኛሉ። የሆላንዱን ሠዓሊ የኤሸርን ሥራዎች ያየ ሰው ይገባዋል። ዋጋው አራት ዶላር። በዓመቱ መጨረሻ አዲስ ምዕራፎች ሠርተው በሁለት ዶላር አቀረቡ። ምን ሆነ መሰላችሁ? የመጀመሪያውን የወደዱ ሰዎች «ለተጨማሪው ደግሞ ክፈሉ ይሉናል እንዴ!» ብለው አንድ አንድ ኮከብ እየሰጡ ይሰድቡት ጀመር። የብዙ ወራት ሥራ ለሁለት ዶላር! በ2015 መጀመሪያ ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ቁጥር አወጣ፤ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ከተጫነው ውስጥ የተከፈለበት አምስት በመቶው ብቻ ነው አለ፤ አይፎን ላይ አርባ በመቶ። አንድ ገዢ በሁለት ሦስት ስልክ ላይ ሊጭነው እንደሚችል እነሱም አልካዱም። ቢሆንም አምስት በመቶ!

ይህንን ስሰማ አራት ኪሎ ትዝ ይለኛል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ጋዜጣ የሚገዛው ጥቂት፣ ጋዜጣ የሚከራየው ብዙ ነበር። አከራዩ ጋዜጦቹን አንጥፎ ይቀመጣል፤ አንባቢው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ከፊት እስከ ኋላ አንብቦ ይመልሳል። አንዲት ቅጂ በቀን ስንት ሰው እጅ ትገባ እንደነበር አከራዩ ብቻ ነው የሚያውቀው። የእኔም ጽሑፎች እንዲያ ነው የተነበቡት። በመንገዱ ሳልፍ አንዱ ገጼ ላይ አጎንብሶ ሲስቅ አይቼ፣ ደስታዬ ወሰን ሲያጣ፣ አዘጋጁ ደግሞ በዚያው ሳምንት «ጋዜጣው አልተሸጠም» ብሎ ሲያዝን ሰምቻለሁ። ሁለቱም እውነት ነበሩ። ያንን ሰውዬ ልቀየመው? ሙሉ ዋጋውን ለመክፈል አቅም አልነበረውም፤ የቻለውን ግን ከፍሏል፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ። አራት ዶላር ከፍሎ የወደደውን ነገር ለሁለት ዶላር ሲል በአንድ ኮከብ የሚቀጠቅጠው ባለ አይፎን ግን ከእሱ ጋር አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጥም።

ሞኑመንት ቫሊ በ2022 ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ። እዚህ ላይ የወጋየሁን ሥራ ነው ያየሁት። ጨዋታው ስልክን ቀጥ አድርጎ በአንድ እጅ ለመያዝ ታስቦ የተሣለ ነበር፤ ረጅምና ጠባብ። ሰነፍ ሰው ቢሆን ግራና ቀኙን በጥቁር ሞልቶ ይሸጠው ነበር። እነሱ ግን ሥዕሉን ወደ ጎን አስፍተው፣ ለአግድሙ ስክሪን እንዲሆን እንደገና አዘጋጁት። ዋጋው ስምንት ዶላር ገደማ። የጣቱ ስሜት ቀርቷል፤ ግንብን በጣት ማሽከርከርና በማውስ ማሽከርከር አንድ አይደለም። ግን የቀረውን የሚክስ ስፋት አግኝቷል። ለእንዲህ ያለው ስምንት ዶላር «እኮ» አይደለም፤ የሚገባው ነው።

ነገሬን የሚያፈርስብኝ ጨዋታ እንዳለ ደግሞ መደበቅ አልፈልግም። ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ ይባላል። ሉካ ጋላንቴ የተባለ ሰው በ2021 መጨረሻ በሦስት ዶላር ለኮምፒውተር አወጣው። ፖርት አይደለም፤ ግን ሐሳቡን ያነሣሣው ማጂክ ሰርቫይቫል የተባለ የስልክ ጨዋታ ነው። ሰውየው ቀድሞ የቁማር ጨዋታ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። ይህም ይታያል፤ ሣጥን ሲከፈት መብራቱ ይንቦገቦጋል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ወርቅ ይዘንባል። የቁማር ቤት ብልሃት ሁሉ አለ፤ ኪስህ ውስጥ የሚገባው እጅ ብቻ የለም። ዋጋውን ከከፈልክ በኋላ ያ ሁሉ መብራት የሚበራው ለአንተ ደስታ ነው። በ2023 የብሪታንያው ባፍታ የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ብሎ ሸለመው፤ ከእሱ ብዙ እጥፍ የሚያወጡትን አሸንፎ። ስልክ ላይ አስመሳዮቹ ሲበዙበት ደግሞ በ2022 መጨረሻ እሱው ወደ ስልክ ተሻገረ፤ በነጻ፣ ማስታወቂያውንም ማየት የፈለገ ብቻ እንዲያየው አድርጎ።

ቅድም «ጉድጓድና ድልድይ» እያልኩ የከመርኩት ምሳሌ እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። የወጥመድ ዕቃ ሁሉ ወጥመድ አይደለም ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ ሰው በፈቃዱ ገብቶ በፈቃዱ የሚወጣበት ወጥመድ ስሙ ጨዋታ ነው። የእኅቴ ልጅ ይህንን ጨዋታ ሲጫወት አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቀና አላለም። ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ቅዳሜዋ ግን ሄዳለች። «ጋሼ፣ እርስዎስ ልብ ወለድ ሲያነቡ ቅዳሜዎ የት ይሄዳል?» አለኝ። መልስ አላጣሁም፤ ግን ረዘም ያለ መልስ ነበርና ምሳ ቀረበ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሞኑመንት ቫሊን ገዛ፤ በእኔ ውትወታ ነው። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጀበት፤ ዋናውን ታሪክ ጨረሰ። ወደደው፤ መጨረሻው ላይ ዝም ብሎ ስክሪኑን ሲያይ ነበር። ከዚያ ምን አለኝ?

«ጋሼ፣ ልመልሰው እችላለሁ።»

ስቲም ከ2015 ጀምሮ ደንብ አለው። በገዛህ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወትክ፣ ምክንያት ሳትደረድር ገንዘብህ ይመለስልሃል። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ቅድም ያማረርኩበትን የተበላሸ ፖርት ገዝቶ ለተቃጠለ ሰው መድኃኒት ነው። ኩባንያው ራሱ ይህ በነጻ ለመጫወት የታሰበ መንገድ አይደለም፣ አላግባብ የተጠቀመበትን ልከለክል እችላለሁ ብሎ ጽፏል። ግን አንድ ጊዜ ቢያደርገው ማንም አይጠይቀውም። ስምንት ዶላሩ ወደ ዘር እህሉ ይመለሳል፤ በብር ሲመታ ደግሞ የተማሪ ኪስ ውስጥ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

አጭር ሥራ የሠራ ሰው የሚቀጣበት ደንብ ነው እንግዲህ። ጨዋታውን በመጠበቅና በመመላለስ ወደ አርባ ሰዓት ቢጎትቱት ኖሮ ማንም ጨርሶ አይመልሰውም ነበር። አጥርተው፣ አሳጥረው፣ ቁም ነገሩን ብቻ ስላስቀሩ የሁለት ሰዓቱ በር ተከፈተባቸው። በየዓይነቱን ጥርግ አድርጎ በልቶ «ገንዘቤን» የሚል ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ቢኖር አስተናጋጁ ምን እንደሚለው እናውቃለን። ይህንኑ ነገርኩት።

«ምግቡ አልቋል ጋሼ፤ ይኼ ግን አያልቅም። እኔ ብመልሰው እነሱ ጋ ምን ይጎድላል?»

«የከፈልከው ይጎድላል።»

«ደንቡ ይፈቅዳል።»

«ይፈቅዳል። ደንቡ የሚፈቅደው ላልወደደው ሰው ነው። ወደድከው ወይስ አልወደድከውም?»

ዝም አለ። ከዚያ ያቺን የአራት ኪሎ ወሬዬን ከየት እንደያዛት እንጃ፤ መዘዛት።

«ታዲያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የእርስዎን ጽሑፍ በሳንቲም ያነበቡትስ? እነሱም ወደውት እኮ ነው የመለሱት።»

«እነሱ የኪራዩን ከፍለዋል፤ እኔ ጋ ባይደርስም።»

«እሺ፣ እኔም ኪራዩን ልክፈል። ስንት ነው?»

ስንት እንደሆነ እያሰላን ሳለ መብራት ሄደ። ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። አሥራ አራቱ ቀን ገና አላለቀም፤ ከሁለት ሰዓቷም አሥር ደቂቃ ይቀራታል።